ዘግይቶ የሚገለጥ ስሕተት፦ በባለብዙ ትሬድ ሰርቨሮች የማህደረ ትውስታ ብልሽትን ስለመመርመር

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ባለብዙ ትሬድ ሰርቨር በድንገት ሲቆም፣ መርማሪው በቅድሚያ የሚያገኘው ማስረጃ ኮር ደምፕ ነው። ይህ ፋይል ፕሮግራሙ በቆመበት ቅጽበት እያንዳንዱ ትሬድ የት እንደነበረ ያሳያል። ይሁን እንጂ የማህደረ ትውስታ ብልሽት የሚፈጸምበትና የሚገለጥበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ፕሮግራሙ በማሎክ ውስጥ ሲወድቅ ጥፋቱን በማሎክ ላይ መጣል የጀማሪዎች ልማድ ነው፤ ማሎክ ግን በአብዛኛው ተጎጂ እንጂ አጥፊ አይደለም።

በበርካታ ትሬዶች የሚጋራ የሴሽን ኦብጀክት እንውሰድ። ኦብጀክቱ የያዦቹን ብዛት የሚመዘግብ ቆጣሪ አለው፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን ቦታው ይለቀቃል። ቆጣሪው 1 ሳለ ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ ሊጨምሩ ቢነሡ፣ ሁለቱም 1 አንብበው ሁለቱም 2 ሊጽፉ ይችላሉ፤ መሆን የነበረበት 3 ነው። ከሦስቱ ያዦች ሁለቱ እንደለቀቁ ቆጣሪው ዜሮ ይደርሳል፤ ሦስተኛው የተለቀቀ ቦታ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ቆጣሪውን አቶሚክ አድርገው ምርመራውን ይዘጋሉ። ይህ በቂ አይደለም። አንድ ትሬድ ፖይንተሩን ከሠንጠረዥ አግኝቶ ቆጣሪውን ከመጨመሩ በፊት፣ ሌላው የመጨረሻውን ይዞታ ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጭማሪው፣ አቶሚክም ቢሆን፣ የሚፈጸመው በተለቀቀ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ፍለጋውና ጭማሪው በአንድ መቆለፊያ ሥር መሆን አለባቸው፤ የመጨረሻው ቅነሳና ኦብጀክቱን ከሠንጠረዡ ማውጣትም በዚያው መቆለፊያ ሥር ይፈጸማሉ።

በ2012 እ.ኤ.አ. ለምርምር ጉባኤ የቀረበው አድሬስ ሳኒታይዘር ለእያንዳንዱ 8 ባይት 1 የጥላ ባይት ይይዛል፤ አዘጋጆቹ በመለኪያ ፕሮግራሞች ላይ ያገኙት አማካይ መዘግየት 73 በመቶ ነበር። የተለቀቀውን ቦታ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ ለጊዜው በማቆያ ያስቀምጠዋል። የማቆያው መጠን በተለምዶ 256 ሜጋባይት ስለሆነ፣ በሥራ የተጨናነቀ ሰርቨር ፈጥኖ ሊሞላው ይችላል፤ ቦታው ከማቆያ ወጥቶ ለሌላ ከተሰጠ መሣሪያው ዝም ይላል። ዝምታውን የጤንነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ መጠኑን ማሳደግ ይሻላል። ትሬድ ሳኒታይዘር በበኩሉ ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገያል፤ ነገር ግን ውድቀቱን ሳይጠብቅ በድርጊቶች መካከል ቅደም ተከተል መጓደሉን ይጠቁማል። ሁለቱ በአንድ ግንባታ ስለማይጣመሩ ምርመራው ሁለት ጊዜ ይካሄዳል።

የሕትመት መስመር ጨምሮ መከታተል ደግሞ የትሬዶቹን የጊዜ አካሄድ ስለሚለውጥ ስሕተቱን ሊሰውረው ይችላል። ከዚህ ይልቅ በፍለጋውና በጭማሪው መካከል ሆን ተብሎ ጥቂት ሚሊሰከንድ መዘግየት ይጨመር። በሳምንት አንድ ጊዜ ይታይ የነበረው ውድቀት በየሙከራው መታየት ከጀመረ መላምቱ ጠንካራ ድጋፍ አግኝቷል። እርማቱ ከተደረገ በኋላም መዘግየቱ ሳይነሣ ሙከራው ይደገማል።