ስለ አገር ልጅነት፤ ከጨፋ ሸለቆ የተወሰደ ጥናት

ሁለት የማይተዋወቁ ተማሪዎች በግቢያችን ውስጥ በተገናኙ ጊዜ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሰላምታ ያህል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመልሱ መሠረት ጓደኛ ይመረጣል፤ በመኝታ ክፍል ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ይወሰናል፤ የማኅበር ምርጫ ሲደርስም ድምፅ ይሰጥበታል። ይህን የሚያህል ኃይል ያለውን ነገር በዘፈንና በቀልድ ብቻ ማሳለፍ ለተማሪ አይበቃውም፤ ከወዴት እንደሚመጣና ምን እንደሚሠራ መመርመር ይገባናል።

ስለ አገር ፍቅር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው፥ ሰው ይህን ፍቅር ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶ እንደ ስንቅ ቋጥሮ ከቤቱ ይወጣል የሚለውን አሳብ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ ይለያል። የአገር ልጅነት ኩራት ከቤት ተቋጥሮ የሚወጣ ስንቅ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚሠራውም ከአገሩ የወጣው ሰው በየደረሰበት ከሚያገኘው ባዕድ ጋር በሚለዋወጠው ቃል ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን የጨፋን ሸለቆ መርጠናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፈ በኋላ ከሚሴ ይደርሳል። በከተማይቱ ዙሪያ የተዘረጋው ሰፊና ለምለም ሜዳ ጨፋ ነው። ከደሴ አካባቢ ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ እዚህ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውኃው በሜዳው ላይ ተኝቶ ረግረግ ከሠራ በኋላ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስሙም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውኃ የማይለየው የሣር መስክ ነው። የገዳ ሸንጎ በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበረ ቃሉ ሸንጎ የሚል ትርጉምም ይዟል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤትም ጨፌ ይባላል። አማርኛም ቢሆን ለለምለም መስክ የሚጠራበት ሌላ ስም አልፈለገም፤ ጨፌ ይለዋል። ከሚሴ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ሸለቆ የተነሣን አንድ ወጣት በአሳብ እንከተለው። በቀዬው ሳለ «የጨፋ ልጅ ነኝ» አይልም። ለማንስ ይለዋል? በዙሪያው ያለው ሁሉ የጨፋ ልጅ ነውና። እዚያ የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ስም፥ በጎሣውም አርጡማ ወይም ጅሌ በመባል ነው። ኮምቦልቻ ወጥቶ ሥራ ቢያገኝ «የከሚሴ ልጅ» ይሆናል። አዲስ አበባ ሲደርስ የመርካቶ ነጋዴ ከሚሴን ከደሴ አይለይለትምና «ወሎዬ» ይባላል፤ እርሱም ስሙን ተቀብሎ ይኮራበታል። ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ወይም ሪያድ ቢገባ ደግሞ ወሎም ይቀርና «ሐበሻ» ይሆናል። በራቀ ቁጥር ስሙ እየሰፋ ሄደ፤ ኩራቱም አብሮት ሰፋ። ልብ በሉ፤ በየደረጃው ስሙን የመረጠው እርሱ ብቻውን አይደለም። ግማሹን የሰጠው ጠያቂው ነው።

መንግሥትም እንዲሁ ስም ይሰጣል። በቀድሞው አከፋፈል ባቲና ቃሉ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሲቆጠሩ፥ ጥሙጋ ግን በሸዋ ውስጥ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበረች። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶች አዲስ አበባ ሲደርሱ አንዱ ወሎዬ፥ ሌላው የሸዋ ሰው ይባሉ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመጣው አከፋፈል ሁለቱ በአንድ ዞን ገቡ። የዛሬው የከሚሴ ተማሪ በብሔረሰቡ ኦሮሞ፥ በክልሉ የአማራ ክልል ሰው፥ በልማድ ደግሞ ወሎዬ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ የሚጠይቁት ሰዎች አይታጡም፤ ይህ ጥያቄ ለእኔ የጓደኛ ሳይሆን የኬላ ጠባቂ ጥያቄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ። በአገር ልጅነት የሚኮራ ሰው ሁሉ «ባለአገሩ እኔ ነኝ፤ አንተ መጤ ነህ» ለማለት ይቃጣዋል። የጨፋ ታሪክ ግን ለዚህ ንግግር አይመችም። ባሕርይ የተባለው የጋሞ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ወሎና ጅሌ የቦታ ስሞች አይደሉም፤ የሰዎች፥ የጎሣዎች ስሞች ናቸው። እነዚያ ሰዎች ከደቡብ ተነሥተው መጡ፤ ሠፈሩ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋጉም፥ ተጋቡም፤ ስማቸውም በመሬቱ ላይ ቀረ። ከዚያ አስቀድሞ የዛሬው ወሎ ከፊሉ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ወሎ አገሬ» ብሎ የሚያቅራራ ሁሉ፥ ኦሮሞም ይሁን አማራ ወይም አርጎባ፥ አገሩን የሚጠራው ከሌላ ስፍራ ተነሥቶ በመጣ መንገደኛ ስም ነው። ይህ ሊያሳፍር አይገባም። ነገር ግን «መጤ» የሚለውን ቃል ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት ጥቂት ሊያቆመን ይገባል።

ደግሞም በጨፋ መጤነት የታሪክ ነገር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚመላለስ ነው። በበጋ ወራት የአዋሽ ቆላ ሲደርቅ አፋሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሸለቆው ይወጣሉ። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በተደረገ ጥናት 50,000 ያህል አርብቶ አደርና 200,000 ያህል ከብት በጨፋ ተጠግቶ እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህ ሁሉ እንስሳ የሚሰማራው ሌላው ሰው በሚያርስበትና ከብት በሚያግድበት ሜዳ ላይ ነው። ስለ ሣሩና ስለ ውኃው ጠብ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ይጠፋል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በሚመጣው ዓመት ከብቱ ተመልሶ ይመጣል። ረግረጉም ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከፊሉ ታርሷል። የእርሻው መሬት በሰፋ ቁጥር የሚጣሉበት ሣር እየጠበበ ይሄዳል።

ኩራት ሁልጊዜ ከደስታ አይወለድም፤ ከውርደትም ይወለዳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ገበሬው ወደ ደሴ መንገድ ዳር እየወጣ ወደቀ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚያ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ የተማሪው ንቅናቄም ነገሩን አንሥቶ ጮኸበት። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ «ወሎዬ» የሚለው ስም በብዙ ሰው አፍ ከረሃብና ከልመና ጋር ተያይዞ ይነገር ነበር። ዛሬ ይኸው ስም የሚነሣው በቁንጅና፥ በእንግዳ ተቀባይነት፥ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ በአንድ ቤት በመኖር ነው። ይህን የለወጠው አዋጅ አይደለም። በስሙ የተሰደቡት ሰዎች ስሙን ሳይጥሉት በሌላ ነገር ስለ ሞሉት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የሆነው ደግሞ ለጥናታችን የበለጠ ይረዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፥ ኢሉባቦር፥ ከፋ፥ ጋምቤላና መተከል ተወስዶ ሠፈረ፤ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ከልዩ ልዩ አውራጃ የተሰበሰቡ፥ በአገራቸው ሳሉ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ጎን ለጎን ጎጆ ተሠራላቸው። መንደሮቹ እንኳ ስም አልነበራቸውም፤ በፓዌም በቄቶም የሚጠሩት በቁጥር ነበር። እንግዲህ ቁጥር በተሰጠው መንደር ውስጥ ሰው «አገሬ» የሚለው ምን ቀረው? ቡናው ቀረው፤ ዱዓው ቀረው፤ አነጋገሩ ቀረው። ቆላውና ደገኛው፥ የቦረናውና የቃሉው ሰው በዚያ ሁሉም ወሎዬ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ በእግርም በመኪናም ወደ ወሎ ተመለሱ። ብዙዎቹ ሲደርሱ መሬታቸው ለሌላ ተከፋፍሎ አገኙት። በሠፈራ ሳሉ ዕለት ዕለት ሲጠሩት የኖሩት አገር፥ በተመለሱ ጊዜ የሚያርሱት መሬት አልነበረውም። በአገር ልጅነት ላይ ለሚጽፍ ሁሉ ይህ ነገር ከብዙ ዘፈን ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል።

ዘፈን ካነሣን አይቀር፥ ከዚሁ ዞን የወጣ አንድ ስም ከማናችንም ይበልጥ ዓለምን ዞሯል። አራቱ የታወቁት የሙዚቃችን ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስሞች ሲሆኑ፥ ባቲ ከአፋር ድንበር አጠገብ ያለችው የሰኞ ገበያ ናት። ክራር አንሥቶ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም በባቲ ቅኝት የሚጫወት ሰው፥ ቢያውቅም ባያውቅም አፋር፥ ኦሮሞና አማራ ጨው፥ እህልና ከብት የሚለዋወጡበትን ገበያ ስም እየጠራ ነው።

ከዘፈን ሌላ ኩራት የሚሠራው ሥራ አለ ወይ? አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በአዲስ አበባ ተሰብስበው፥ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም በትምህርት ቤት፥ በክሊኒክና በመንገድ ሥራ ተነሥቶ በ1959 ዓ.ም. እስከ ተዘጋ ድረስ ብዙ ሕዝብ አሰልፎ ነበር። እንዲህ ያለው ኩራት መዋጮው የሚቆጠር፥ ደረሰኝ ያለው ኩራት ነው። ከከሚሴና ከባቲ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄዱት ወጣቶችም ከድካማቸው እየቆጠቡ ወደ ቤታቸው ይልካሉ። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ በመለሰ ጊዜ፥ ብዙ ቤተ ሰብ በማን ላብ ይኖር እንደ ነበረ በግልጽ ታየ።

ደረሰኝ የሌለው ኩራትም አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ በሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየአገራቸው ተመለሱ። «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ሰሞን ሰላምታ አልነበረም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጅሌ ጥሙጋ ጋር የምትዋሰነው አጣዬ ተቃጠለች፤ በዙሪያዋም እስከ ከሚሴ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። በስፍራው ያለው ሰው፥ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፥ ተጣልቶም በሳምንቱ ጨው የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው፤ የሞተበትን ቀብሮ ከጎረቤቱ ጋር ለመነጋገር ይገደዳል። ከሩቅ ያለው የአገር ልጅ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። አገሩን የሚያውቀው በወጣበት ዓመት እንደ ነበረ ነው፤ ጎረቤቱን በመልኩ ሳይሆን በወገኑ ስም ያስበዋል፤ ለቁጣው የሚከፍለው ዋጋ የለም፤ የሚከፍሉለት እዚያ ያሉት ናቸው። ከአገር የወጣን ሰዎች ኩራት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እኛ ተማሪዎችም ከወጡት ወገን ነን።

ይህ ሁሉ ገና ጅምር ጥናት ነው። በመጪው ክረምት ወደ ከሚሴ፥ ወደ ሰንበቴ ወይም ወደ ባቲ የሚወርዱ ጓደኞች ሦስት ነገር ጠይቀው ቢጽፉልን የመጽሔቱ አዘጋጆች በደስታ ይቀበላሉ። አንደኛ፥ የቤቱ አባወራ አያት የተወለዱት በዚያው ቀበሌ ነው ወይስ ከሌላ መጥተው ነው? ሁለተኛ፥ በ1977 ዓ.ም. ወደ ሠፈራ ሄዶ የተመለሰ በቤቱ አለ ወይ፤ ከተመለሰስ በየትኛው መሬት ላይ ኑሮ ጀመረ? ሦስተኛ፥ ባለፈው በጋ በማሳው ላይ የማን ከብት ዋለ፤ ስምምነቱስ የተደረገው በማን ሽምግልና ነው? መልሱ አጭር ቢሆንም ግድ የለም፤ የተነገረበት ቋንቋ ኦሮምኛ፥ አማርኛ ወይም አፋርኛ መሆኑ ግን ይመዝገብ።