የጤና መረጃ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዴት ይጠየቃል?

ኮቪድ በመጋቢት 2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ከተገኘ በኋላ፣ የተመረመሩት፣ የተያዙትና የሞቱት ሰዎች ቁጥር በየዕለቱ ለሕዝብ ይነገር ነበር። መንግሥት ከፈለገ መረጃ መስጠት ይችላል ማለት ነው። ስለ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት እጥረት የሚያጣራ ጋዜጠኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ደብዳቤ አምጣ» የሚል ነው። እንግዲያው ደብዳቤውን አዘጋጅቶ መሄድ ነው።

ሕጉ ከጋዜጠኛው ጎን ቆሟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን መብት ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ሰፍሯል።

ነገሩ የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። «የመድኃኒት አቅርቦቱ ሁኔታ ይገለጽልን» ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው መግለጫ ነው፤ ስኬት የሚዘረዝር የሕዝብ ግንኙነት ጽሑፍ። መጠየቅ ያለበት መሥሪያ ቤቱ እጅ ያለ ሰነድ ነው። ጤና ጣቢያ በየወሩ ሪፖርት ይልካል፤ የመድኃኒት መጋዘኑም የገቢና ወጪ መመዝገቢያ አለው። «ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለው የኢንሱሊን ገቢና ወጪ ቅጂ ይሰጠን» ከተባለ መልሱ ወይ ሰነዱ ነው ወይ ክልከላ።

ጤና ጣቢያውን፣ ወራቱን፣ መድኃኒቱን ለይታችሁ ጥቀሱ፤ አንዱ ከጎደለ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። የታካሚ ስም ግን አትጠይቁ! የሌላ ሰው የግል መረጃ በአዋጁ የተጠበቀ ነው፤ መጠበቁም ተገቢ ነው። «የታካሚ ስም ካለበት ተሸፍኖ ይሰጠን» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨመር፣ የታካሚን ምስጢር ሰበብ አድርጎ ሙሉውን ሰነድ መከልከልን ታከብዳለች።

ወረርሽኝ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ የገባው በሽታ በይፋ ይጠራ የነበረው «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ተብሎ እንጂ ኮሌራ ተብሎ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ስለ ኮሌራ ብቻ የጠየቀ ሰው «የለም» ሊባል ይችል ነበር። በሕዝብ አፍ ያለውንም በመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ያለውንም ስም ጻፉ።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ለመዝገብ ቤት ይገባል። አንዱ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ሳታስደርጉ ከመስኮቱ አትራቁ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ግን መቼ እንደገባ ማስረጃ የለውም።

ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ዋና ኦዲተር ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀረባቸውን ሪፖርቶች ማገላበጥ ከሁሉ ይመረጣል፤ የትኛው ሰነድ የት እንዳለ ይጠቁማሉ።

ከተከለከላችሁ ክልከላውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ተቀበሉ። አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይቀርባል።