አሪዞና ውስጥ ቦታ ሸንሽኖ ቤት ለመሥራት፦ ከመሬቱ በፊት ውሃው

ፊኒክስ ዙሪያ መሬት ገዝተው፣ ሸንሽነው ቤት ሊሠሩ ካሰቡ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የውሃውን ጉዳይ ይጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ ፊኒክስን፣ ቱሳንንና ፒናልን በመሳሰሉት ጥብቅ ቁጥጥር ባለባቸው አካባቢዎች ስድስትና ከዚያ በላይ ቦታ ሸንሽኖ የሚሸጥ ሰው ለ100 ዓመት የሚበቃ ውሃ እንዳለው እንዲያሳይ ያስገድዳል። ይህ ሳይሟላ ፕላኑ አይጸድቅም፣ ቦታዎቹም ለገበያ አይቀርቡም። መሬቱ የትኛው አካባቢ ውስጥ እንደሚወድቅ በክልሉ የውሃ ሀብት መምሪያ ካርታ ላይ ይታያል። የውሃ አቅራቢው ድርጅት የ100 ዓመቱን ዋስትና ራሱ ካስመሰከረ ደግሞ «አቀርባለሁ» የሚል ደብዳቤውን ይዘው ወደ ሥራዎ ይሂዱ።

ሰው የሚሰናከለው አቅራቢው ይህ ዋስትና ሳይኖረው ሲቀርና የ100 ዓመቱን የውሃ ምስክር ወረቀት በራስዎ ስም ማውጣት ግድ ሲሆን ነው። ያኔ ሻጩ ፓምፑን አስነስቶ ውሃው ከቧንቧው እየተንዶለዶለ ሲወጣ ያሳይዎታል። አይዘናጉ! ጉድጓዱ የሚመሰክረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። የመምሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቀድሞ የተፈቀደላቸው ሁሉ ድርሻቸውን እየቀዱ፣ የእርስዎም ተጨምሮበት፣ ከ100 ዓመት በኋላ ውሃው ከመሬት በታች ከ1,000 ጫማ (305 ሜትር ገደማ) ሳይወርድ ይገኛል ወይ? በጁን 2023 መምሪያው የፊኒክስን አካባቢ ስሌት ሲያወጣ በ100 ዓመት ውስጥ 4.86 ሚሊዮን ኤከር-ፉት፣ ማለትም ከሚፈለገው የከርሰ ምድር ውሃ 4 በመቶ ያህል እንደሚጎድል አገኘ። በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ብቻ ለሚመሠረት አዲስ ሽንሸና የምስክር ወረቀት መስጠት የቆመውም በዚህ የተነሣ ነው። አንዱ ኤከር-ፉት 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ነው።

«ከመቶ አራት ለጎደለ መቶውን መዝጋት ምን ይሉታል?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ቤት ሠሪዎች በ2025 ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። ክርክሩ ዋዛ አይደለም፣ ቤት እንደሆነ ተወዷል። ነገር ግን ጉድለቱ ለሁሉም እኩል አይዳረስም፤ የሚደርቀው የአንድ ሰፈር ጉድጓድ ነው፣ ያም ሰፈር ቤቱን የገዛው የ100 ዓመቱን ቃል አምኖ ነው። ደግሞም የተዘጋው አንዱ ምንጭ እንጂ ግንባታው አይደለም። የወንዝ ውሃ ወይም ተጣርቶ የተመለሰ ፍሳሽ ለሚያመጣ በሩ ክፍት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የከርሰ ምድር ውሃ መተኪያ ዲስትሪክት የሚባለው ተቋም አባልነት ነው። ዲስትሪክቱ እናንተ የቀዳችሁትን ያህል ውሃ መልሶ መሬት ውስጥ ያሰርጋል፤ ወጪውንም ከቤት ባለቤቶቹ ይሰበስባል። ታዲያ የሚያሰርገው ከእናንተ ጉድጓድ ርቆ ሊሆን ይችላል። አባልነቱ የሚያሟላው አንዱን መስፈርት እንጂ ውሃው ከእግርዎ ሥር መኖሩን አይደለም።

አምስት አምስት እያደረጉ በመሸንሸን ሕጉን እንዲያመልጡ የሚመክርዎ አይጠፋም። ከስኮትስዴል አጠገብ ያለው የሪዮ ቬርዴ ፉትሂልስ ሰፈር በአብዛኛው የተሠራው እንዲህ ነው፤ ከነዋሪው ከፊሉ ውሃ በቦቴ ያስመጣ ነበር። ስኮትስዴል ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 መቅጃውን ሲዘጋበት ዋጋው ናረ፣ ሰውም የዝናብ ውሃ በባልዲ እስከ ማጠራቀም ደረሰ።

እኔ የምመርጠው የምስክር ወረቀት የወጣለትን መሬት መግዛት ነው፤ ቀድሞ የተሰጠው አልተሰረዘም፣ በሥርዓቱ ወደ ገዢው ይዛወራል። የሽንሸናው ፕላን ከጸደቀው ጋር መመሳሰሉን ግን መስመር በመስመር ያመሳክሩ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በመስኖ ሲለማ የነበረ እርሻ ለቤት ሲለቀቅ ከውሃው ከፊሉ እንዲቆጠርለት ስለፈቀደ፣ ምስክር ወረቀት ያለው መሬት ካጡ የእርሻ መሬት ይፈልጉ። የቱንም ቢገዙ ውሉ ላይ «የ100 ዓመቱ የውሃ ምስክር ወረቀት ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» ያስብሉ። የጊዜ ገደቡን ሲሞሉ ጥናቱና ምርመራው ወራት እንደሚፈጅ ያስቡ፤ ሠላሳ ቀን አይበቃም።