ዒልሙ የሁሉ ነው፣ ድካሙ ግን ባለቤት አለው



የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ክረምቱን ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ ዘመዴ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ሚሞሪ ስጭን አሳለፍኩ። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ስልኩን ይሰጠኛል፤ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ መዝሙር፣ የኛው ሰው ደግሞ መንዙማና ነሺዳ ያስጭናል። ለአንድ ሚሞሪ 20 ብር እቀበላለሁ። አንድ ቀን መድረሳ ያቀሩኝ ኡስታዝ መንዙማ ሊያስጭኑ መጡና፣ «መንዙማውን ላለው ሰው ከዚህ ብር ስንት ይደርሰዋል?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ዝም ብለው ስልካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ዛሬ ሚሞሪውን ቴሌግራም ተክቶታል። በየግሩፓችን ስካን የተደረገ መጽሐፍ በየቀኑ ይለቀቃል። ስለዚህ የኡስታዙን ጥያቄ አብረን እንማረው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ውስጥ ነበር። ራሱን የቻለው ሕግ ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አዋጁ ሲወጣ፣ ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፈተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሙንሺድ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በየሱቁ እየዞረ ድርሻውን ሊጠይቅ አይችልም።

2. ለተማሪ ክፍት የሆኑ በሮች

ሕጉ ተማሪን የሚያስጨንቅ ብቻ የሚመስለን ስለማናነበው ነው።

• ሐሳብ፣ ቀመር፣ መርህና ግኝት በቅጂ መብት አይያዙም። የበርኑሊን ቀመር ማንም ሊጽፈው፣ ሊያስተምረው ይችላል። የተጠበቀው አንድ ደራሲ ቀመሩን ያብራራበት የራሱ አገላለጽ ነው።
• ግለሰብ ለራሱ ጥቅም ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ፣ ገደብ ቢኖረውም፣ ተፈቅዷል።
• መምህር ለትምህርት የሚሆነውን ያህል፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ ማባዛት ይችላል።
• ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ለሚያጠና ሰው ጽሑፍ ወይም አጭር ክፍል ሊገለብጥለት፣ የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂ ሊተካ ይችላል።

ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለሺህ ሰው መልቀቅ ግን በእነዚህ በሮች አያልፍም።

3. ከዲናችን አንጻር

«ዒልም የአላህ ነው፤ ማን ይከለክለናል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ዒልምን መደበቅ የተወገዘ መሆኑ እውነት ነው፤ ዑለሞችም በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ መሆኑንና መድፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኪታብ የጨረሰ ደረሳ ሸይኹ ኢጃዛ ሳይሰጡት ወንበር አይዘረጋም፤ ይህን ዒልም መደበቅ ያለው የለም። በድሮው ጊዜ ኪታብ በእጅ ሲገለበጥ ገልባጩም ወራት ይደክም ነበር። ዛሬ በአንድ ንክኪ ሺህ ቅጂ ይወጣል፤ የሚደክመው የጻፈው ብቻ ነው። በአማርኛ የሚተረጉም ኡስታዝ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ይከፍላል። መጽሐፉ በወጣ ሳምንት ፒዲኤፉ ከተለቀቀበት ሁለተኛውን በምን ያሳትማል? የምንጎዳው እኛው ነን።

4. ምን እናድርግ?

የቡሬ ገጠር ልጅ በአቅራቢያው መጻሕፍት ቤት እንደሌለው አውቃለሁ፤ እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ፦

• መጽሐፍ በጀመዓ አዋጥተን እንግዛና በተራ እናንብብ።
• ገበያ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ከሆነ ለጸሐፊው ጽፈን ፈቃድ እንጠይቅ። በነጻ እንዲሰራጭ የተፈቀደውን ያለ ስጋት እናጋራ።
• ግሩፕ የምታስተዳድሩ ፋይል ከመልቀቃችሁ በፊት «ፈቃዱ የታል?» በሉ።

ባለፈው ዒድ ዘመዴን ይህን ብነግረው፣ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይጭንለታል» አለኝ። መልስ አጣሁለት። የራሴ ግን ይከብደኛል። ተውበት የሰውን ሐቅ መመለስን ይጨምራል፤ የዚያን ክረምት ብር ለማን እንደምመልሰው አላውቅም። እናንተ ገና ሳትገቡበት ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።