ልጅሽ «ጊፍትድ» ክፍል ባይገባስ?

ለእህቴ ልጅ፤

የልጅሽ የፈተና ወረቀት ከደረሰሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሻል አሉኝ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ እኮ ነው! የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ጎበዝ የሚላቸውን ልጆች ለብቻ ለሚያስተምርበት «ጊፍትድ» ክፍል ካልተመረጠ ነገሩ ያለቀ መስሎሻል። አላለቀም። ዝም ብለሽም ግን አትቀመጪ። ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ነኝና የምመክርሽን በተራ ላስቀምጥልሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሪው።

1. ፈተናውን ዳኛ አታድርጊው። ኮጋት የሚሉት ፈተና ልጁ በዚያች ቀን ከእኩዮቹ አንጻር የት እንደቆመ ያሳያል፤ ከዚያ አያልፍም። በዚህ ዕድሜ ዘንድሮ ከላይ የነበረው ለከርሞ መሐል ሊገኝ ይችላል፤ መሐል የነበረውም ሊወጣ ይችላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌዊስ ቴርማን በ1921 በካሊፎርኒያ ጥናት ጀመረ፤ ጥናቱም በአእምሮ ፈተና የመረጣቸውን 1,500 ያህል ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተላቸው። ተፈትነው ነጥቡ ካልሞላላቸው መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከተመረጡት አንድም ኖቤል ያገኘ የለም።

2. መግባት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ቡይ፣ ክሬግና ኢምበርማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የወደቁትን ልጆች አነጻጽረው፣ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ልጆቹ በኋላ ባመጡት ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ይህ ግን የሚነግርሽ በማለፊያው ነጥብ ድንበር ላይ ስላሉ ልጆች ነው። የክፍሉን ትምህርት ገና በመስከረም ጨርሶ መስኮት መስኮት ለሚያይ ልጅ ሌላ መላ ያስፈልጋል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለው ክፍል ዘልሎ «ደብል ይመታ» ነበር።

3. ሳትጠይቂ አትቅሪ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። የፍሎሪዳው ብራዋርድ ካውንቲ በ2005 የወላጅንና የአስተማሪን ጥቆማ መጠበቁን ትቶ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ ሲፈትን፣ የተመረጡት የጥቁሮች፣ የሂስፓኒኮችና የድሆች ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ይህን ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ናቸው። ልጆቹ ቀድሞም ነበሩ፤ ጠቋሚ ነው ያጡት። የእኛ ሰው ደግሞ «አስተማሪው ያውቃል» ብሎ አክብሮ ዝም ይላል። አንቺ ጥቆማውን ራስሽ ጻፊ፣ ከተፈቀደም የሠራቸውን ሥራዎች አያይዢ። «አይሆንም» ቢሉሽ ይግባኝ አለ፤ ለከርሞም ደግመሽ ማመልከት ትችያለሽ።

4. ስለ ክፍሉ ስም ሳይሆን ስለሚማረው ጠይቂ። ካርድና ጁሊያኖ እዚያው ብራዋርድ ሌላም ነገር አይተዋል። በልዩው ክፍል የተረፈው ወንበር የአእምሮ ፈተናው ነጥብ ላልሞላላቸው፣ በትምህርታቸው ግን አንደኛ ለወጡ ልጆች ሲሰጥ፣ ከእነሱ ውስጥ የጥቁሮቹና የሂስፓኒኮቹ የሒሳብና የንባብ ውጤት ከፍ አለ። ስለዚህ የልጅሽን አስተማሪ ስታገኚ ልጁ ምን መጽሐፍ እንደሚያነብ፣ የትኛው ሒሳብ ላይ እንደደረሰ፣ ሲጨርስ ምን እንደሚሰጡት ጠይቂ። ሒሳቡን በተለይ ተከታተዪ። አልጀብራን በስምንተኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ጂኦሜትሪውን፣ ሁለተኛውን አልጀብራና ፕሪካልኩለሱን አልፎ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ይደርሳል። ይህ መንገድ በሦስተኛ ክፍል ላልተመረጠም ክፍት ነው፤ የሚዘጋው ማንም ሳይከታተለው ሲቀር ነው።

5. ማዕረግ አታሸክሚው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «የአንቺስ ገባ?» ሲሉሽ «ደህና እየተማረ ነው» በይና ወሬውን ቀይሪ። ቢገባ ትንሿ እህቱ ፊት «ጂኒየሱ» እያልሽ አትጥሪው፤ እሷ ሳትሞክር ተስፋ ትቆርጣለች፣ እሱም የከበደውን ነገር መጠየቅ ያፍራል። ባይገባም ፊትሽን አታጥቁሪበት።

6. ገንዘብሽንና ቅዳሜውን ለፈተና ማሠልጠኛ አትገብሪ። እንቆቅልሽ የመፍታት ዘዴ ያጠና ልጅ ነጥብ ሊጨምር ይችላል፤ የተሻለ አንባቢ ግን አይሆንም። ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው፤ መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ። ማታ ያነበበውን በአማርኛ ይተርክልሽ፤ ሲተርክ ያልገባው ቦታ ይታወቅሻል። እንግሊዝኛው እንዲጠነክር ብለሽ አማርኛውን አታስጥዪው።

7. ቢገባም አትተኚ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ነገር ሲገጥመው «እኔ ለካ ጎበዝ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ያኔ አብረሽው ተቀመጪ፣ ስህተቱን ራሱ እንዲፈልግ ተዪው። እንዲህ የለመደ ልጅ የትኛውም ክፍል ቢያስገቡት ይማራል።

የጥቆማውን ቅጽ ዛሬውኑ ሙዪና ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ላኪ። ውሳኔው ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ በማግስቱ አስተማሪዋን የምትጠይቂያት ያንኑ ነው፦ «አሁን ምን እየተማረ ነው?»

አጎትሽ