ትንሽ ልጅ ይዞ ወደ መናፈሻ መሄድ

ከተማ ደርሶ መምጣት ለእኛ ለገበሬዎች አዲስ ነገር አይደለም። እህል ለመሸጥ፣ ለሕክምና፣ ለዳኝነት፣ ለሠርግና ለለቅሶ እንሄዳለን። ልጅን ለማስደሰት ብሎ መሄድ ግን ብዙም አልተለመደም። «ይህማ የከተሜ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ።

ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከተማ ውስጥ ዘመድ አለን። ልጆቻችንም በሰው ስልክ ላይ ያዩትን አንበሳና ዥዋዥዌ «አሳዩን» እያሉ ይጠይቃሉ። ከሄድን አይቀር በዕቅድ መሄድ ይሻላል። ያለ ዕቅድ የተወጣ መንገድ ገንዘብ ይጨርሳል፤ ልጅ ያሳምማል፤ ሲከፋም ልጅ ያስጠፋል።

በዚህ ትምህርት ዕድሜው ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆነ ልጅ ይዘን ለ3 ቀን ወደ መናፈሻ ስንሄድ ምን ማሰብ እንዳለብን እንመለከታለን። ዋናው ነገር አንድ ነው። የጉዞው መለኪያ የልጁ አቅም ነው እንጂ የእኛ ምኞት አይደለም።

1. መናፈሻ ምንድን ነው?

መናፈሻ ሰው አየር የሚቀበልበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ልዩ ልዩ ነገር የሚታይበት የተከለለ ቦታ ነው። በአንዳንዱ ዥዋዥዌና ሸርተቴ አለ። በአንዳንዱ በሞተር የሚሽከረከር መጫወቻ አለ። በአንዳንዱ ደግሞ አራዊት ይታያሉ።

በአሜሪካ አገር ዋልት ዲስኒ የሚባል የሥዕል ፊልም ሠሪ ነበር። ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ከተማ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ይጫወታሉ። አባት ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ መሥራት ይገባል የሚል ሐሳብ የመጣለት በዚያ ጊዜ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከዚያም ዲስኒላንድ የተባለውን መናፈሻ በሐምሌ ወር 1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ከፈተ። በመክፈቻው ቀን ከታሰበው በላይ ሰው ጎረፈ። ሙቀቱም በርትቶ የመጠጥ ውሃ አጠረ። እንግዲህ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ቦታ እንኳ ውሃ ካጠረው እኛ ውሃችንን ከቤት ይዘን ብንወጣ ምን ይለናል?

በአገራችንም መናፈሻዎች አሉ። በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ተከፈተ። እዚያ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሕንፃዎችና የግብር አዳራሹ ይታያሉ። ጥቁር ጎፈር ያለው ያገራችን አንበሳም አለ። እንጦጦ ተራራ ላይ ያለው ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ብርድ ነው፤ ለልጅ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

2. የልጅ አቅም እንዴት ይለካል?

ትንሽ ልጅ ሦስት ነገር ያሸንፈዋል። እነርሱም ድካም፣ ረኃብና እንቅልፍ ናቸው።

የልጅ እግር አጭር ነው። እኛ አንድ ጊዜ ስንራመድ እርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይራመዳል። እኛ አንድ ሰዓት ብንሄድ አይሰማንም። እርሱ ግን «እዘሉኝ» ይላል። ሆዱም ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ አብልተን እስከ ማታ ልናቆየው አንችልም። ጥቂት ጥቂት እያልን ቶሎ ቶሎ ልንሰጠው ይገባል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

ልጅ መናፈሻ ውስጥ ቢነጫነጭ ብዙ ጊዜ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ደክሞት፣ ርቦት ወይም እንቅልፉ መጥቶ ነው። በዚያን ጊዜ ቁጣ ምንም አይጠቅምም። ጥላ ፈልጎ ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ።

3. መቼ እንሂድ? ለስንት ቀን?

እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል። በጥር መጨረሻና በየካቲት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሥራውም ይቀላል። በትልልቅ በዓላት ሰሞን ግን አውቶቡስ ይጠባል፤ ሰውም ይበዛል። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ይዞ መውጣት አይመከርም። ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮችና ከዚያ ከመጡ ሰዎች እንጠይቅ። መንገዱ ካላስተማመነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚነሳ ቤተሰብ ነው እንበል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቅዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

የመጀመሪያው ቀን፦ ጠዋት ተነስቶ መጓዝ። ከሰዓት በኋላ በዘመድ ቤት ማረፍ። በዚህ ቀን ሌላ ነገር አለማድረግ።

ሁለተኛው ቀን፦ ልጁ ጠግቦ ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ጠዋት ወደ መናፈሻው መሄድ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ መመለስ። ከሰዓት በኋላ ማስተኛት።

ሦስተኛው ቀን፦ ሳይመሽ ወደ ቤት መመለስ።

«ይህን ያህል ገንዘብ ከፍለን ሄደን አንድ ቦታ ብቻ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አንድ ቦታ ብቻ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባላል። በአንድ ቀን አንድነት ፓርክን፣ እንጦጦንና መርካቶን ለማዳረስ የተነሳ ሰው አንዱንም ደህና አድርጎ አያይም። ልጁም ታሞ ይመለሳል።

4. ገንዘቡን በጽሑፍ ማቀድ

ፊደል የቆጠርነው እንዲጠቅመን ነው። እስቲ ጎበዝ፣ ደብተርና እርሳስ እናንሳ። አምስት መስመር እንጻፍ፦ የመጓጓዣ፣ የማደሪያ፣ የምግብ፣ የመግቢያና የመጠባበቂያ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዋጋውን እንሙላ። የመግቢያው ዋጋና መናፈሻው የሚከፈትበት ቀን ስለሚለዋወጥ ከተማ ያለ ዘመድ አስቀድሞ ይጠይቅልን። ለልጅ ይከፈል እንደሆነና መታወቂያ ይጠየቅ እንደሆነም ይጠይቅ።

ከጠቅላላው ገንዘብ አምስት እጅ አንዱ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። ለስሌት ያህል፣ የያዝነው 5,000 ብር ቢሆን፣ 5,000 ለ5 ሲካፈል 1,000 ይሆናል። ስለዚህ 1,000 ብር አይነካም። ልጅ ቢታመም ወይም አውቶቡስ ቢያመልጠን የምንመዘው እርሱን ነው።

የመመለሻውንም ገንዘብ ከሌላው ለይተን እንቋጥር። ከተማ ውስጥ ፊኛው፣ ከረሜላው፣ መጫወቻው ልጅን ይጠራል። ከመነሳታችን በፊት «አንድ ነገር ይገዛልሃል» ብለን ብንነግረው ጥሩ ነው። ከነገርነው ደግሞ ቃላችንን እንጠብቅ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ሊታሰብ ይገባል። ለመዝናናት ብሎ በሬ መሸጥ ወይም በአራጣ መበደር ትልቅ ጥፋት ነው። የአንድ ቀን ደስታ የዓመት ዕዳ መሆን የለበትም።

5. ስንቅና ጤና

ልጁ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለው ጉዞው ይቅር። መናፈሻው አይሸሽም። ደህና ከሆነ ግን የሚከተሉትን እንያዝ፦

ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ዕቃ፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና የመሳሰለው ቶሎ የማይበላሽ ምግብ፤ ቅያሪ ልብስና ጋቢ፤ ሳሙና፤ የልጁ የክትባት ካርድ።

አንዳንድ ልጅ መኪና ሲሄድ ያስመልሰዋል። ከመንገድ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ ባንሰጠው ይሻላል። መስኮት ከፈት አድርገን ፊት ለፊት እንዲያይ እናድርግ። ለቆሎም እንጠንቀቅ። ገና ማኘክ ያልጠናበት ልጅ እየሮጠ ወይም መኪና ላይ እየተንገጫገጨ ቆሎ ቢበላ ሊያንቀው ይችላል።

በመንገድ ላይ ተቅማጥ ቢይዘው በፍጥነት ፈሳሽ መተካት አለበት። በጤና ኬላ የሚሰጠውን የሕይወት አድን ዱቄት ጥቅሉ ላይ እንደተጻፈው በጥብጦ መስጠት ነው። ዱቄቱ ከሌለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ማንኪያው ያልተቆለለ መሆን አለበት። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ካፈዘዘው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

6. ልጅ እንዳይጠፋ

በሰፈራችን ልጅ ቢጠፋ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ያመጣዋል። ከተማ ውስጥ ግን የሚያውቀው የለም። የጠፋ ትንሽ ልጅ «አባትህ ማን ይባላል?» ሲሉት «አባዬ» ይላል። «እናትህስ?» ሲሉት «እማዬ» ይላል። ታዲያ በዚህ እንዴት ይገኛል?

ስለዚህ ከመሄዳችን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረን ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ሙሉ ስም፣ የቀበሌውንም ስም እናስጠናው። ልጅ በዜማ ሲነገረው ቶሎ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ በእጃችን እንዲህ ብለን እንጻፍ፦

የልጁ ስም ………
የአባት ሙሉ ስም ………
የእናት ሙሉ ስም ………
የምንኖርበት ወረዳና ቀበሌ ………
ስልክ ………
የዘመድ ስልክ ………

ይህ ወረቀት በልጁ የውስጥ ኪስ ይሰፋ። ከውጭ መታየት የለበትም። ክፉ ሰው ስሙን አንብቦ በስሙ ቢጠራው ልጁ የሚያውቀው ሰው መስሎት ሊከተለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ምን ልብስ እንዳለበስነው ልብ እንበል። ጠባቂው መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህን ነው።

አራተኛ፣ «ብታጣን አትሩጥ፤ ያለህበት ቁም፤ የደንብ ልብስ ለለበሰ ጠባቂ ወይም ልጅ ለያዘች እናት ንገር» ብለን እናስተምረው።

ልጁ ከጠፋ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አንበታተን። አንዱ ልጁ መጨረሻ በታየበት ቦታ ይቁም። ሌላው ወደ በሩ ሄዶ ለጠባቂዎች ይንገር። ወዲያው ካልተገኘ በ991 ለፖሊስ ይደወል። ከተገኘ በኋላ አንገርፈው። የተገረፈ ልጅ ሌላ ጊዜ ሲጠፋ ፈርቶ ይደበቃል።

7. መናፈሻው ውስጥ

በር ላይ ፍተሻ ስለሚኖር ዱላችንን ዘመድ ቤት ትተን እንሂድ። ከገባን በኋላ ማስታወቂያዎቹን እናንብብ። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ቢኖር እንታዘዝ። በሞተር በሚሽከረከሩ መጫወቻዎች አጠገብ የቁመት መለኪያ ሊኖር ይችላል። ይህ ልጅን ለማስከፋት የተደረገ አይደለም። ልጅን ደግፎ የሚይዘው ብረት የተሠራው ለተወሰነ ቁመት ነው። ከዚያ ያጠረ ልጅ ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል። «ግድ የለም፣ አስገቡልኝ» ብሎ መለመን በልጅ ሕይወት መጫወት ነው።

በአራዊት አጥር ላይ ልጅ አናንጠልጥል። እጁንም በፍርግርጉ አያስገባ። ለአራዊት ምግብም ሆነ ድንጋይ አይወረወርም። ከምግብ በፊት እጁን በሳሙና እናስታጥበው።

እኛ የግብር አዳራሹን ለማየት ልንቸኩል እንችላለን። ልጁ ግን ጉንዳን ሲያይ ይቆማል። ቢቆም እኮ ምንም አይደለም፤ እርሱ የመጣው ለማየት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንድ ሁለት ነገር ደህና አድርጎ ካየ ይበቃል። ሳይደክመው፣ ገና ደስ እያለው ይዘነው እንውጣ።

8. አቅም ባይኖረንስ?

አቅም የሌለው ወላጅ ልጁን የበደለ አይደለም። ለትንሽ ልጅ ርቀት ቁም ነገር አይደለም። ወረዳው ከተማ ድረስ ወስዶ ማሳየት፣ ወንዝ ዳር ስንቅ ይዞ መዋል፣ ዛፍ ላይ በጠንካራ ገመድ ዥዋዥዌ መሥራት ይቻላል። ልጁ የሚፈልገው የእኛን ጊዜ ነው። ዲስኒም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ወላጅ ከዳር ሆኖ ከሚጠብቅ አብሮ ቢጫወት ይሻላል።

እንግዲህ ባጭሩ፣ ጉዞውን በልጁ እግር፣ በልጁ ሆድና በልጁ እንቅልፍ እንለካ። ገንዘቡን በደብተር፣ ስሙን በወረቀት እንጻፍ። በዚህ ዓይነት የሄደ ቤተሰብ ልጁን በጤና ይዞ ይመለሳል፤ ልጁም ያየውን ለጓደኞቹ ያወራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ትንሽ ልጅን የሚያሸንፉት ሦስቱ ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. የልጁ ስም ያለበት ወረቀት ለምን በውስጥ ኪስ ይደረጋል?
3. አንድ ቤተሰብ 4,500 ብር ቢይዝ አምስት እጅ አንዱ ስንት ብር ይሆናል?
4. የቁመት መለኪያ ለምን ያስፈልጋል?
5. በምንኖርበት አካባቢ ልጆችን ወስደን ልናጫውታቸው የምንችልባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ተወያይታችሁ ጻፉ።