የማይሸመቀቅ ቋጠሮ፤ ትርጓሜውና ጥቅሙ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገር ግን ገመዱ ምንም ቢጠነክር ቋጠሮው ካልበጀ ከብቱን ከመጠበቅ ይልቅ ያጠፋዋል። አንገቱን በሸምቀቆ የታሰረ ጥጃ ደንግጦ በሳበ ቍጥር ሸምቀቆው ይጠብቅበታል፤ ፈጥኖ የሚፈታው ሰው ካላገኘም ታንቆ ይሞታል።

የእንግሊዝ መርከበኞች ባውላይን የሚሉት ቋጠሮ ይህን ጉዳት ያስቀራል። ባውላይን አስቀድሞ የሸራውን ጠርዝ ወደ መርከቡ ፊት የሚወጥረው ገመድ ስም ነበረ፤ በኋላም ቋጠሮው በዚያው ስም ተጠራ። ጆን ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1627 ዓመት ስለ መርከብ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ ጽናቱን መስክሮለታል። ጠባዩም ሁለት ነው፤ ቢስቡት ቀለበቱ አይጠብም፥ ሸክሙም ሲነሣለት በቀላሉ ይፈታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የገመዱ ጫፍ በከብቱ አንገት ይዙር። ወደ ችካሉ በሚሄደው ክፍል ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራ፤ ወደ ጫፉ የሚመጣውም ገመድ በላይ በኩል ይተኛ። ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይውጣ፤ ወደ ችካሉ የሚሄደውን ገመድ በስተኋላ ይዙር፤ በወጣበትም ቀለበት ተመልሶ ይውረድ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ተስቦ ይጥበቅ። በአንገቱና በገመዱ መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ስፍራ ይተው።

ቋጠሮው ሁለት ጉድለት አለው። ፊተኛው፥ ገመዱ ደረቅ ሲሆንና ሲላላ ሊፈታ ይችላል፤ ስለዚህ ጫፉ ረዘም ብሎ ይቅር፥ በአጠገቡ ባለው ገመድም ላይ ደግሞ ይቋጠር። ሁለተኛው፥ ከብቱ ገመዱን ወጥሮ ሳለ ቋጠሮውን መፍታት አይቻልም፤ ስለዚህ በችካሉ በኩል ያለው ጫፍ በአንድ ስበት በሚፈታ አኳኋን ይታሰር።

ተራራ ወጪዎችም ቀድሞ በዚህ ቋጠሮ ገመዱን በወገባቸው ያስሩ ነበር። ነገር ግን በወገቡ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው እስትንፋሱ ስለሚታፈን፥ ዛሬ ወገብንና ጭንን አብሮ የሚይዝ ጠፍር ይታጠቃሉ። እንግዲህ ቋጠሮው ቢጸናም፥ ጉድጓድ ቈፋሪ በወገቡ ብቻ ታስሮ እንዳይወርድ ሹሙ ሊከለክል ይገባል።

ይህን ትምህርት በቃል ከመንገር ይልቅ በገበያ ቀን ገመድ ይዞ ማሳየት ይበልጣል። ገበሬውም ተማረ የሚባለው ራሱ አስሮ፥ ስቦ፥ ፈትቶም ሲያሳይ ነው።